ያልፈተግኩት እጀታ

አባዬ፣

ከተለየኸን ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። ቦሌ ሚካኤል ያው ነው። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ቆርቆሯችን ይንቀጠቀጣል፣ እማዬም ቀና ብላ ትረግመዋለች። ወርክሾፑን አልዘጋሁትም፤ በሰማያዊው የመዳብ ውሃ ገንዳህ ዕቃ እየነከርኩ በኤሌክትሪክ መዳብ የማለብሰው አሁን እኔ ነኝ።

የምነግርህ አለኝ፤ እስካሁን እንዴት እንደቻልኩ እንጃ! የነሐስ ዕቃ በአሲድ አጥበን መዳብ ስናለብሰው፣ አንዱ ቦታ አብርቶ ሌላው ሲደበዝዝ አልፈተግሽውም እያልክ እጄ እስኪላጥ ታስፈትገኝ ነበር። ወላሂ አባዬ፣ ጥፋቱ የእኔ አልነበረም!

ትንሿ ልጅህ ሰዓዳ ልታገባ ነው። እማዬ ታዲያ የበራችን የነሐስ እጀታ መዳብ ለብሶ እንደ አዲስ ይብራ አለች። ዕድሜህን ሙሉ የጨበጥከው ነው፤ የመዳፍህ ላብ በልቶት፣ በአዲስ ቆርቆሮ ላይ እንደሚታየው አበባ ያለ ዝንጉርጉር አውጥቷል። ካለበስኩት ያ ሊጠፋብኝ ነው። እምቢ እንዳልል ደግሞ የእማዬን ነገር ታውቃለህ።

በብርጭቆ ወረቀት ሳልነካው፣ በሳሙና ብቻ አጥቤ ነከርኩት። ጥቂት ቆይቼ ሳወጣው ዝንጉርጉሩ መዳቡ ላይ ቁጭ ብሏል! አንዱ ያበራል፣ ጎረቤቱ ይደበዝዛል፣ ድንበሩ የድሮው ድንበር ነው። ጉድ አልኩ።

የማታ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ አስተማሪዬን ሄጄ ያዝኳቸው። ነሐስ ከብዙ ክሪስታሎች የተገጣጠመ ነው አሉኝ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አተሞቹ የተደረደሩበት አቅጣጫ ይለያያል። አዲስ የሚመጣው መዳብ ከሥሩ ያገኘውን ሰልፍ ተከትሎ ስለሚቆም፣ በአንዱ ላይ ለስልሶ በሌላው ላይ ሻክሮ ያድጋል። ያኔ አንዱ ቦታ ይደበዝዝብን የነበረው ለካ በዚህ ነው። እየወፈረ ሲሄድ ግን የሥሩን ይረሳና በራሱ መንገድ ይሄዳል። እኔ መቼም የሰው ወሬ አይበቃኝም፤ በሌላ ቁራጭ ነሐስ ሞከርኩት። እውነትም ሲወፍር ድንበሩ ሁሉ ጠፋ። ምነው አንተም ባየኸው አልኩ።

ያንተን እጀታ መልሼ አልነከርኩትም። እማዬ ገና አልበቃውም ብላ ልትቆጣ መጣች። ጨበጠችው። የእጅህን ዝንጉርጉር አየችና አለቀሰች። እንዲሁ ይቅር አለች።

አላህ ይዘንልህ አባዬ። የሰዓዳን እንግዶች በሩን ከፍቼ የማስገባው እኔ ነኝ። ከእጅ ብዛት መዳቡ ባለቀ ቁጥር እንደገና አለብሰዋለሁ፤ ግን ሁልጊዜም ስስ አድርጌ።

ዛሬም ያልፈተገችው ልጅህ፣
ዘይነባ