ቼሎው የት ላይ ያቁም

ውድ አባዬ፣

ስልክ በደወልኩ ቁጥር የምታነሳው አክስቴ ማልሱን ነች። «ተኝቷል» ትለኛለች፤ ከጀርባዋ ግን ሳልህ ይሰማኛል። የተኛ ሰው እንደዚያ አይስልም። ስለዚህ መጻፉ ይሻላል አልኩ። ደብዳቤ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ እንደ እኔም ቶሎ አይቆጣም።

ተኳርፈን የተለያየንበት ቀን ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ሞክፖ ቤትህ ስደርስ ሳሎኑ ወለል ላይ ያ ሻካራ ቢጫ ጨርቅ ተዘርግቶ፣ አክስቴ ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር የመግነዝ ልብስህን እየሰፋች ነበር። በጨረቃ አቆጣጠር በየጥቂት ዓመቱ በሚጨመረው ትርፍ ወር የተሰፋለት ሰው ዕድሜው ይረዝማል ብላ ወሩ እስኪገባ ስትጠብቅ ከርማለች። አንተ መሐላቸው ተቀምጠህ የገብስ ሻይህን ትጠጣለህ።

«ትከሻውን ጠበብ አድርጊው፤ እኔ እንደሆነ ከስቻለሁ» አልካት።

«ዝም በልና እጅህን ዘርጋ! ኋላ ጠበበኝ ብትል ማን ይሰማሃል?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። አንተም ሳቅክ፤ ሳሉ እስኪያቋርጥህ ድረስ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ከሶል ከተማ ይዤው የመጣሁት ነገር ኪሴ ውስጥ ይከብደኝ ነበር።

ሐኪሙ በጸደይ ሳንባህ እንደማይድን ከነገረን ጀምሮ ሌላ ሥራ አልሠራሁም፤ ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለቼሎ የጻፍኩት ይኸው ሙዚቃ ብቻ ነው። ቼሎው አንተ ነህ፤ ይህን መናገር እንኳን አላስፈለገኝም። ዕድሜህን ሙሉ በከተማው ኦርኬስትራ የተጫወትክበትን መሣሪያ ለሌላ ለማን እሰጠዋለሁ? የሶሉ የሙዚቃ ፌስቲቫል ዳኞች ሥራውን መርጠውት ነበር። አስተያየታቸውንም ጽፈውልኛል፤ ከሁሉ የሚበልጠው መጨረሻው ነው፣ ሞትን በጸጋ ይቀበላል ብለው። አንተን ላስደስት ነበር የመጣሁት አባዬ። እንዲያውም እንድትኮራብኝ ነበር የፈለግሁት።

ልምምዱን ቀድቼበት የነበረውን ስልኬን መሐላችሁ አስቀመጥኩት። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ላይ የግራ እጅህ ጣቶች ጉልበትህ ላይ ከቼሎው ጋር ይንቀሳቀሱ ነበር። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ከዚያ መጨረሻው መጣ። ቼሎው ቀስ እያለ ወረደ፣ ወረደና ቆመ። ሌሎቹ ሦስቱ መሣሪያዎች ረጅም ድምፅ በአንድነት ያዙና ዘጉት። ጣቶችህ ግን ጉልበትህ ላይ ገና ይንቀሳቀሱ ነበር።

«ማነው የገደለኝ?» አልክ።

አክስቴ መርፌዋን ይዛ ቀና አለች።

«ልብሴ እንኳን ተሰፍቶ ሳያልቅ! አንቺ ልጅ፣ ትንሽ ብትታገሺኝ ምን ነበረበት?»

«አባዬ፣ ሙዚቃ ነው እኮ።»

«ሙዚቃ መሆኑማ ገብቶኛል። እስቲ አክስትሽን ተመልከቺ። ክሩ ሲያልቅባት ትቋጥረዋለች?»

አትቋጥረውም። የሟች ልብስ ክር አይቋጠርም፤ ይህን እኔም ከልጅነቴ አውቃለሁ። ሟቹ ሲሄድ ምንም ነገር እንዳይዘው ጫፉ እንዲሁ ይለቀቃል።

«ያንቺ ግን ተቋጥሯል» አልከኝ። «ያውም ጥብቅ ተደርጎ።»

«ዳኞቹ ከሁሉ አብልጠው የወደዱት መጨረሻውን ነው።»

«ዳኞቹ ምን ቸገራቸው? የምሞተው እኔ!»

ጎረቤቶቹ እንደገና ሳቁ። እኔ ደሜ ፈላ። «የጠላኸው ሙዚቃውን ነው ወይስ ሞትን?» አልኩህ። ኩባያህን አስቀምጠህ፣ ግድግዳውን ተደግፈህ ተነሳህና ወደ መኝታ ቤትህ ገባህ። እኔም ለእራት ሳልቆይ ባቡር ተሳፈርኩ። አክስቴ የሠራችልኝን የአሳ ወጥ እንኳን አልቀመስኩም፤ እስከ ዛሬ ትወቅሰኛለች።

ከዚያ ወዲህ ራሴን ስጠይቅ ሰነበትኩ። ፈርቶ ነው፣ ፍርሃቱን በሙዚቃዬ ላይ አሳበበ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ልምምድ ላይ ቼሎ የሚጫወተው ቴግዮም ደጋኑን አውርዶ ተመለከተኝ። ስለ አንተ ምንም አያውቅም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እዚህ ጋ የምቆመው ለምንድን ነው?» አለኝ።

«ታሪኩ እዚያ ላይ ስለሚያልቅ።»

«የእኔ መስመር አላለቀም እኮ። ገና የሚሄድበት አለው። መጨረስ የፈለጉት እነሱ ይመስሉኛል» አለና ሦስቱን በደጋኑ ጠቆመኝ። «ጠብቀው ጠብቀው የደከማቸው ሰዎች ነው የሚመስሉት።»

ሌሎቹ ሳቁበት። እኔ ግን ኖታዬን ሰብስቤ ወጣሁ፤ እንባዬ መጥቶብኝ ነበርና።

አባዬ፣ ያንን መጨረሻ የጻፍኩት ከሐኪሙ ዘንድ ስመለስ ባቡር ውስጥ ነው። ምን ያህል ጊዜ እንደቀረህ ሲነግረኝ ከሐዘኑ በታች ሌላ ነገር ተሰምቶኝ ነበር። እፎይታ ነው። ቢያንስ የት ላይ እንደሚያልቅ አወቅሁ ብዬ ነው። ስልክ በጮኸ ቁጥር መደንገጥ ሰልችቶኛል። በየሳምንቱ እየመጡ ከባለፈው ሳምንት ያነሰ ሰው ማየት ሰልችቶኛል። እወድሃለሁ፣ ግን ደክሞኛል፤ ሁለቱ አብረው መኖራቸው ያሳፍረኛል። ዳኞቹ በጸጋ መቀበል ያሉት የእኔን ድካም ነው። አንተ ገና ሳታልቅ እኔ ለራሴ ዕረፍት ጻፍኩ። ጣቶችህ ጉልበትህ ላይ እየተንቀሳቀሱ ዘጋሁብህ።

መጨረሻውን ሰርዤዋለሁ። ለፌስቲቫሉ ሰዎች ስነግራቸው የተመረጠው ይቀርባል፣ ካልሆነ ይወጣል አሉኝ። እንግዲያው ይውጣ አልኳቸው። ጓደኞቼ እብድ ነሽ ብለውኛል። ምናልባትም እውነታቸውን ነው፤ እንዲህ ያለ ዕድል ሁለተኛ ላይመጣ ይችላል፣ ይህም ያስጨንቀኛል። ግን ከእነሱ አዳራሽ ይልቅ ያንተ ሳሎን ነው የሚያስፈራኝ።

እሁድ አራቱም ተጫዋቾች ከእኔ ጋር ይመጣሉ። አክስቴ ቁም ሣጥኑን ገፋ አድርጋ ቦታ እንደምታበጅ ነግራኛለች፤ ልብሱም አልቆ ታጥፎ እዚያው ውስጥ እንዳለ አብራ ነገረችኝ። ተኝቷል ብትለኝ እንኳን እንገባለን። የኦክስጅኑ ማሽን ይጩህ፣ አንተም ሳል፤ እኛ እንጫወታለን።

አሁን ቀድመው ዝም የሚሉት ሦስቱ ናቸው። ቼሎው ብቻውን ይቀጥላል፤ ያችኑ ጣቶችህ የተከተሏትን ዜማ እየመላለሰ። የት ላይ እንደሚያቆም አልጻፍኩም። ኖታው ላይ ባዶ መስመር ነው ያለው። ልጅ ሳለሁ አጠገብህ ስለማመድ በቃ ሲልህ ግራ እጅህን ከፍ ታደርግ አልነበር? አንዲት ቃል ሳትናገር አቆም ነበር። ለቴግዮም ያንን ምልክት አስረድቼዋለሁ። አይኑን ካንተ ላይ አይነቅልም፤ እጅህ እስኪነሳ ድረስ ይጫወታል።

ክንዱ ብርቱ ነው አባዬ። እኔም በቃ እስክትል ድረስ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፣ ቢደክመኝም እሰማለሁ። እባክህ እጅህን ቶሎ አታንሳ።

ልጅህ
ቦሪም