ስለ ምስጢር መላኪያው መሣሪያና ስለ ካልቱን መጥበሻ

ለተከበሩ ጓድ የጦር ሰፈሩ የመገናኛ ክፍል አዛዥ፣
ድሬዳዋ

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ይህ የግንቦት ሙቀት እንደኛ ሳያቀልጥዎ፣ ወገብዎም ተሽሎት ይህ ደብዳቤ እንዲያገኝዎ ምኞቴ ነው። ስለ ወገብዎ ማን ነገራት ብለው እንዳይጨነቁ፤ ማክሰኞ ለሐረር ሐኪም ያስተላለፉትን መልእክት ሰፈራችን መጋላ በሙሉ ሰምቶ «አላህ ያሽራቸው» ብሏል።

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር ስለመጣልዎ አዲስ የምስጢር መላኪያ መሣሪያ እንኳን ደስ አለዎ! የተጻፈውን ቃል በዚህ በኩል ፈጭቶ አሸዋ ያደርገዋል፣ በወዲያኛው ጫፍ መልሶ ቃል ያደርገዋል አሉ፤ ሽቦ የሚጠልፍ ጠላት ቢኖር ከጩኸት በቀር የሚያተርፈው የለም። እኛ ሽቦ መጥለፍ ሳያስፈልገን ስላገኘነው አገልግሎት ግን ምስጋናችን እንደሚከተለው ነው፦

፩ኛ. መሣሪያው ሙቀት ስለማይችል የክፍሉ ቬንትሌተር ለእሱ ተሰጥቶ፣ ለሰዎቹ መስኮት ተከፍቶላቸዋል። መስኮቱ ወደ እኛ ነው። ሃምሳ አለቃ ወልደ ማርያም መልእክቱን ያነባሉ፣ ጸሐፊው መሣሪያው ላይ ይመታል፤ መሣሪያው እንደ ወፍጮ ስለሚያጓራም ሃምሳ አለቃው የሚያነቡት እንደ አዋጅ ነጋሪ ነው። የእርስዎ ቢሮ በወዲያኛው ጎን ስለሆነ ይህ ዕድል ሳያመልጥዎ አልቀረም።

፪ኛ. ስሕተት እንዳይኖር በደንቡ መሠረት የሚላከውም የሚመጣውም ሁለት ጊዜ ይነበባል። በመጀመሪያው ያንቀላፋ በሁለተኛው ይደርሳል።

፫ኛ. ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከአጥርዎ ሥር ሳምቡሳ የምትጠብሰው ጎረቤቴ ካልቱን፣ ባለፈው ሳምንት ሐሙስ «ነገ ጠዋት አርባ ወታደር በባቡር ይገባል» ሲባል ሁለት ጊዜ ሰማችና ሰማንያ ሳምቡሳ ጠብሳ ጠበቀች። ወታደሮቹ በልተው መረቋት። እርስዎ ግን «መምጣታቸውን በምን አወቀች?» ብለው ቤቷን አስፈተሹ፤ የተደበቀ ሬዲዮ ቢታጣ፣ መጥበሻዋ ሞገድ ይቀበል እንደሆነ ይመርመር ተብሎ ተወሰደ፣ እሷም ከቦታዋ ተነሣች። ይኸው ስምንት ቀኑ! አራት ልጆቿ በዚያ መጥበሻ በልተው እንደሚያድሩ ምርመራው ደርሶበት ይሆን? «ወላሂ የሺ፣ ይህን ጆሮዬን ይዤ የት ልግባ? እነሱ መስኮታቸውን አይዘጉም?» ስትለኝ፣ ሳይንስ ስላልተማርኩ ለተማረ ሰው ልጻፍ ብዬ ብዕር አነሣሁ።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ፣ መጥበሻው ስለ ጠላት የሚያውቀውን ተናግሮ ከጨረሰ ለባለቤቱ እንዲመለስ፣ ካልቱንም ወደ ቦታዋ እንድትገባ እንዲፈቅዱ ነው። ለመስኮቱ መጋረጃ እኔው እሰፋለሁ፤ ድምፅ ባይከለክልም ያምራል።

መሣሪያዎ አይሙቅብዎ፣ ሃምሳ አለቃዎም ጉሮሯቸው አይዘጋ እያልኩ፣ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ እጅ የምነሣ፣ ምስጢርዎን ከመላው ሰፈር ጋር አብሬ የምጠብቅ ጎረቤትዎ፣

የሺአረግ በዛብህ
መጋላ፣ ግንቦት ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ዛሬ ረፋዱ ላይ ለተነበበው ዝውውርዎ እንኳን ደስ አለዎ። ወረቀቱ የሚደርስዎ ሰኞ ነው ስለተባለ እስከዚያ ያልሰሙ ይምሰሉ፤ ከመሄድዎ በፊት ግን ስለ መጥበሻው ቢፈርሙ መልካም ነው። ተተኪዎ ማን እንደሆኑም እናውቃለን፤ ምስጢር ስለሆነ አንነግርዎትም እንጂ።