ባለ ሦስት ፎቁ ማንቆርቆሪያ

የካቲት 3

«ከአንተ ጋር ሽርሽር ከመሄድ ሬሳ ማጀብ ይሻላል፤ ሬሳ ቢያንስ ሰዓት አይቆጥርም።»

ባለቤቴ ዛሬ ቁርስ ላይ ያለችው ነው፣ ቃል በቃል። ልጄ ሻይዋ ትን እስኪላት ሳቀች። ሠላሳ ዓመት መንገድ የቀየስኩ ሰው መንገድ መሄድ አልችልም? ከነገ ወዲያ የአምስት ቀን ፈቃዴ ይጀምራል። እንተያያለን!

የካቲት 5

ተነሳን። አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ... የዘገየንበት ሩብ የእነሱ ነው።

ምሳ ላይ ልጄ ስልኳን አሳየችኝ። መንገድ ዳር የቆመ፣ ሦስት ፎቅ የሚያህል ማንቆርቆሪያ። «አንቆምም» ልል አፌን ከፈትኩና «ስንት ኪሎ ሜትር ይቀረዋል?» አልኩ። ሁለቱም ተያዩ።

የካቲት 6

አየሁት! ድልድዩን ተሻግረን ከኩርባው ስንወጣ ድንገት ፊታችን ቆመ። እጀታው፣ ክዳኑ፣ መቅጃው፣ ሁሉም በልኩ። የሠራው ሽማግሌ በያጅ ነው፤ የነዳጅ በርሜል እየዘረጋ እየበየደ አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶበታል። ብየዳውን በጣቴ ተከተልኩት። እንከን ፈለግሁ... የለም!

«ሳይፈላማ አትሄዱም» ብሎ ከሥር እርጥብ ገለባ ለኮሰ። በመቅጃው ነጭ ጭስ ተትጎለጎለ። የሚያልፍ አውቶቡስ ጥሩምባውን ነፋ። ጭሱ ሲጠራ እኔም በውስጥ መሰላሉ ወጥቼ በመቅጃው ጮህኩ። ምን ብዬ? እንጃ። ድምፄ እንደ በሬ አገሳ።

«ይሄ ሰውዬ ማነው? ባሌን የት አደረሳችሁት?» ትላለች ባለቤቴ ከታች። ልጄ ደግሞ፦ «አባዬ፣ ድገመው!» ደገምኩት።

ወርጄ ስወጣ እጀታው ሥር ቀይ የኤክስ ምልክት አየሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የመንገድ መሥሪያ ቤት ነው። የካቲት ሠላሳ ይፈርሳል አሉኝ።»

ሽማግሌው ደብዳቤውን ከላስቲክ አወጣ። «የብረት ግንባታው ከመንገዱ መሃል መስመር 11 ሜትር ላይ ስለሚገኝ...» እስከ 15 ሜትር መገንባት ክልክል ነው። እሺ። በዓይኔ ወደ ታች ወረድኩ... ፊርማው የእኔ!

ሜትሬን ከመኪናው አመጣሁ። 19 ሜትር ከ40። ሦስት ጊዜ ለካሁ፣ ያው ነው። ድልድዩ እንደገና ሲሠራ መንገዱ ወደ ወንዙ ተገፍቶ ከማንቆርቆሪያው ርቋል፤ እኔ የፈረምኩት በአሮጌው ፕላን ነው። ቦታው ሳልደርስ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ። አንዲት ነጥብ ጎደለች ብዬ የሰው ሪፖርት የምመልስ እኔ!

«ፊርማው የእኔ ነው» አልኩት።

ሽማግሌው ፊቴን ሳይሆን ሜትሩን ያያል። «እንግዲያው ጫፉን እኔ ልያዝ። አንዴ ይድገሙት።»

ለአራተኛ ጊዜ ለካን። 19 ከ40።

የካቲት 8

ፈቃዴን አቋርጬ ቢሮ ገባሁ። ባለቤቴ አልተቆጣችም... እንዲያውም «ቶሎ ንዳ» ስትለኝ ነበር።

የአለቃዬ ዕድሜ የእኔ ግማሽ ነው። ትእዛዙ ይሻር አልኩት። «ከፈረሙበት በኋላ? መሳቂያ ልንሆን ነው እኮ! ደግሞ ለአንድ ማንቆርቆሪያ!»

«በዓይንህ አይተኸዋል?»

«ሥራ አለብኝ ጋሼ።»

የሚያበሳጨኝ ምኑ እንደሆነ ገባኝ። ባለፈው ወር ስፈርም እኔም የተቀመጥኩት እንደዚሁ ነበር።

የካቲት 10

ዛሬ መዝገብ ቤት አስገብቼ ማኅተም ያስመታሁበት ደብዳቤ ቅጂ፦

«በፊርማዬ የወጣው የማፍረስ ትእዛዝ ስሕተት ነው። ስሕተቱ የእኔ ነው። ቦታው ሳልሄድ በተሻረ ፕላን ላይ ፈርሜአለሁ። ትክክለኛው ርቀት 19.40 ሜትር ነው፤ የልኬቱ ሰነድና ባለንብረቱን ጨምሮ የሦስት ምስክሮች ፊርማ ተያይዟል። ትእዛዙ ካልተሻረ የካቲት 30 ጠዋት አፍራሾቹ የሚያገኙኝ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነው። በቃል የሚሰጥ መልስ አልቀበልም። እስከ የካቲት 20 ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ መልሱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።»