በአባትሽ ፊት ላይ የሠራሁት ጠባሳ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ የሚያምሽ ጉልበትሽስ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔ ትንሽ ደከም ብሏል እንጂ ሌላው ሁሉ እንደነበረ ነው። ፊደሌ ወደ ታች ወደ ታች ከሄደብሽ መነጽሬን ስላልቀየርኩ ነውና አትሳቂብኝ።

ሦስት ዓመት ሙሉ አልጻፍኩልሽም። አንቺም አልጻፍሽልኝም፤ በዚህ አልቀየምሽም። ወሬሽን የምሰማው ከአክስትሽ ነው። ደብዳቤሽ ሲደርሳት ትጠራኝና ታነብልኛለች፤ እኔን የሚነካው ላይ ስትደርስ ድምጿን ዋጥ አድርጋ ትዘላለች። የዘለለችውን ከፊቷ አውቀዋለሁ። የሰው ፊት ማንበብ ሥራዬ አይደል።

ባለፈው ሳምንት ግን አንዱን ሳትዘል አነበበችው። እዚያ ሰው አገር ሱቅ ገብተሽ ሳሙና ስትመርጪ ዘበኛው ከመደርደሪያ መደርደሪያ እንደተከተለሽ፣ የሥራ ባልደረባሽም በፊልም ያየውን ጠቅሶ «የእናንተ ሰዎች ሁሉ ስለት ይይዛሉ አሉ» ብሎ እንደሳቀብሽ። ከዚያ «አባዬ ገበያ ሲወጣ ምን ይሰማው እንደነበር አሁን ገባኝ» ብለሽ ጽፈሻል። አክስትሽ ወረቀቱን አጠፈችው። እኔም ተነስቼ ቤቴ ገባሁ። ይሄን ደብዳቤ የጀመርኩት ያን ቀን ነው፤ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ሃያ ስድስት ዓመት የተዋንያንን ፊት ቀባሁ። ትንሽ ሆነሽ እየመጣሽ የምትጫወቺበትን ክፍል ታስታውሺው ይሆናል፤ ከመቅረጫው አዳራሽ ጀርባ ያለችውን፣ አምፖሎቹ በከፊል የተቃጠሉ መስታወት ያላትን። እዚያ ወንበር ላይ ወጣቱን ሽማግሌ አድርጌ አስነስቻለሁ፣ ጤነኛውን በሽተኛ። «የኔ እጅ ሰው ይቀይራል» እያልኩ ጎረቤት ላይ እኩራራ ነበር። የአባትሽ ወገኖች ግን በዚያ ወንበር ሲቀመጡ አንድ ቀን ቀይሬያቸው አላውቅም። መልካቸው ከሌላው ጠቆር ያለ ስለሆነ፣ አነጋገራቸውም ለየት ስለሚል፣ በፊልሙ ውስጥ ወይ ሌባ ናቸው፣ ወይ ዘበኛ፣ ወይ ሸክም ይዘው የሚያልፉ። ሐኪም ሆነው፣ አስተማሪ ሆነው የተቀመጡበትን ቀን አላስታውስም።

አባትሽ የፊልም ድርጅቱ ሾፌር ነበር፤ ይሄን ታውቂዋለሽ። አሥራ አንድ ፊልም ላይ ሌባ ሆኖ ሠራ። በአንዱም ስም አልነበረውም። ጠባሳውን ሁልጊዜ የምሠራው እኔ ነኝ፤ ከጆሮው ሥር ጀምሬ እስከ አገጩ። እሱም እንደ ልማዱ ይቀልድ ነበር፤ «አሥራ አንድ ጊዜ ታስሬ አንድ ጠበቃ እንኳ አልቆመልኝም» ይል ነበር። ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ።

ገበያ ስንወጣ ግን ሴቶች ቦርሳቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ያዞሩ ነበር። አንዳንዷ ፊልሙን አይታ፣ አንዳንዷ ምንም ሳታይ። ኬላ ላይ ከተሳፋሪው ሁሉ እሱን ነጥለው ያስወርዱታል። አንቺም አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥተሽ «የሌባው ልጅ አሉኝ» አልሽኝ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ቀና እንኳ ሳልል «ፊልም እኮ ነው፣ ልጄ» አልኩሽ። አባትሽ በር ላይ ቆሞ ሰምቶሻል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናውን ከትምህርት ቤቱ በር ራቅ አድርጎ ማቆም ጀመረ። አንቺ ለሥራ የሚቸኩል ይመስልሽ ነበር። አይቸኩልም ነበር። እስክትገቢ ድረስ ከመኪናው ውስጥ ሆኖ ያይሻል።

ሌላም አለ። አንድ ጊዜ የፊልሙ ጽሑፍ ላይ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርስ አባት ነበር። አንድ ትዕይንት፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር፤ «ደብተርሽን አልረሳሽም?» የምትል። አባትሽ እንዴት እንደሰማ አላውቅም፤ መሪውን እንደያዘ ደጋግሞ ሲለማመዳት አገኘሁት። አፍሮ «ለዳይሬክተሩ ብትነግሪልኝ» አለኝ።

«ተመልካቹ አያምንም» አልኩት።

«ምኑን ነው የማያምነው?»

«አንተ እንደዚያ ዓይነት አባት ነህ ቢባል።»

ፈገግ ብሎ ሞተሩን አስነሳ። አንቺን ትምህርት ቤት አድርሶ መመለሱ ነበር። ለዳይሬክተሩም አልነገርኩም፤ መጠየቁ እንኳ አሳፈረኝ።

የሞተ ጊዜ የሆነውን አንቺም አይተሻል። የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ደውለው ፎቶ አምጪ ሲሉኝ፣ በዚያ ሐዘን መሳቢያ መፈተሽ ከበደኝና «እናንተ ጋ አይጠፋም» አልኳቸው። እነሱ ጋ ያለው ደግሞ ያው ነው። ቤቱ በለቀስተኛ እንደሞላ ከነጠባሳው በስክሪኑ ላይ መጣ፤ ቢላዋ ይዞ፣ ጥርሱን ነክሶ። አንቺ ብድግ ብለሽ «አባቴን ሌባ አድርገሽ ቀበርሽው» አልሽኝ። እኔ «ምን አደረግኩ?» ብዬ መለስኩልሽ። ከሰው ሁሉ ፊት የመለስኩልሽ እሱን ነው። በሳምንቱ አገር ለቀሽ ሄድሽ።

አሁን ከስምንት ወር በፊት የሆነውን ልንገርሽ። ለአዲስ ፊልም ጠሩኝ። ወንበሩ ላይ አንድ አናጺ አስቀመጡልኝ፤ ለመቅረጫው የሚሆን የእንጨት ቤት ሊሠራ የመጣ፣ የአባትሽ ወገን። ሌባ የሚሆነው ተዋናይ ቀርቶባቸው ኖሮ «አንተ ትሆናለህ» ብለውታል። ጣቶቹ ላይ ኮላ ደርቆ ነበር። እጄ መንገዱን ያውቀዋል፤ ሳላስበው ከጆሮው ሥር ጀመርኩ።

«እትዬ፣ ሰውየው ሌባ መሆኑ የሚታወቀው መቼ ነው?» አለኝ።

«ከመጀመሪያው።»

«ሳይሰርቅ?»

«ገና በር ላይ ሲታይ።»

«እንግዲያ ልጆቼ ሲያዩኝ ምን ልበላቸው?» አለ።

መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ ያው ላንቺ ያልኩሽ «ፊልም እኮ ነው»። ግን ጨርቅ በውኃ ነክሬ የጀመርኩትን ጠረግኩለትና ወደ ዳይሬክተሩ ሄድኩ። ታውቂዋለሽ፣ እናንተ ልጆች «ኮፍያው» የምትሉት ነው፤ አሁንም አያወልቃትም።

«ጠባሳ አልሠራም» አልኩት። «ለሌባውም ሌላ ሰው ፈልግ።»

«ምን ነካሽ? ተመልካቹ ቶሎ እንዲገባው ብለን ነው እንጂ።»

«ማን አስለመደው?»

ኮፍያውን ከግንባሩ ከፍ አደረገና አየኝ። «ሃያ ስድስት ዓመት ስትሠሪው ምንም አልነበረም። ባልሽን በገዛ እጅሽ ስትሠሪው ምንም አልነበረም። ዛሬ ነው የከፋሽ?»

እውነቱን ነው። ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ጀግና እንዳልመስልሽ የቀረውን ልጨርስልሽ። በማግስቱ ሌላ ቀቢ አመጡ። አናጺውም ተቀመጠ፤ እንቢ ቢል የእንጨቱንም ሥራ ያጣዋል። ፊልሙ አልቆ ማስታወቂያው ትልቁ አደባባይ ላይ ተሰቅሏል፤ የእሱ ፊት ከጥግ በኩል ይታያል፣ ከነጠባሳው። በዚያ ላለማለፍ ሌላኛውን መንገድ እይዛለሁ። እኔ አሁን አንዲት የፀጉር ቤት ውስጥ ሙሽሮችን አስውባለሁ። ከአሥሩ ዘጠኙ «ቀላ አድርጊኝ» ነው የሚሉኝ። አንዳንዷን አሳምናታለሁ። አንዳንዷ ተቆጥታ ሌላ ቤት ትሄዳለች።

ልጄ፣ አራት ጊዜ የቀደድኩት እዚህ ላይ ስደርስ ነው።

አባትሽ መጀመሪያ እንዴት ፊልም ውስጥ እንደገባ የነገረሽን ታስታውሻለሽ። ተዋናዩ ቀረ፣ ኮፍያው ዞር ዞር ብሎ አየና «አንተ ና» አለው። እየጨማመረበት ሲያወራልሽ ሆድሽን ይዘሽ ትስቂ ነበር። እንደዚያ አልነበረም።

ከከተማ ወጣ ብሎ አንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ነበርን። ተዋናዩ መቅረቱ እውነት ነው። ኮፍያው ተናደደና «የሌባ ፊት ያለው ሰው የለም እዚህ?» ብሎ ጮኸ። ሁሉም አንገቱን ደፋ። አባትሽ መኪናውን ተደግፎ ብርቱካን ይልጥ ነበር፤ ቁርስ ሳልበላ መውጣቴን አይቶ ለኔ የገዛው ነው። እኔ በጣቴ ጠቆምኩት። «የኔ ባል አለ አይደል፣ ይሄ ቀለምም አያስፈልገው» አልኩ። ለማሳቅ ነው ያልኩት። ሰዉም ሳቀልኝ። አባትሽም ሳቀ፤ ከሁሉም ኋላ። ከዚያ ብርቱካኑን ልጦ ጨርሶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝና ሄዶ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ።

ማታ ወደ ቤት አብረን ተመለስን። በር ላይ ስንደርስ «ለልጅቷ ዳይሬክተሩ መረጠኝ እላታለሁ፤ አንቺም እንደዚያው በያት» አለኝ።

«ለምን?» አልኩት።

«እናቷን በክፉ እንዳታይ።»

አምስት ዓመትሽ ነበር። እስኪሞት ድረስ እንደዚያ ብሎ ነገረሽ፤ እኔም እስከ ዛሬ በእሱ ቃል ሥር ተደብቄ ኖርኩ። በለቅሶው ቀን «ምን አደረግኩ?» ስልሽ ምን እንዳደረግኩ አውቅ ነበር።

ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ይቅር ሊለኝ የሚገባው እሱ የለም። ለዚህ ደብዳቤ መልስ ባትሰጪም አይከፋኝም። ለአክስትሽ መጻፍሽን ግን በኔ ምክንያት እንዳትተዪ፤ እሷ በደብዳቤሽ ነው የምትኖረው።

ፈጣሪ በሄድሽበት ሁሉ መልክሽን አልፎ አንቺን የሚያይ ሰው ይስጥሽ። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ደጅሽን የሚያንኳኳ ሁሉ በደግ ይምጣልሽ። ልጅ ስትወልጂም አባትሽን ይምሰል።

እናትሽ