በጠንካራው ወረቀት ላይ የወጣው ጥላ

እሑድ፣ ኅዳር 20

ለውዷ እታለሜ፣

እንዴት ነሽልኝ? ዲግሪዋን ግድግዳ ላይ ሰቅላ ጨለማ ክፍል ገባች ብለሽ እንዳትስቂብኝ። ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ማጠብ እየተማርኩ ነው፤ ደግሞ እንዴት እንደምወደው! ባዶ ወረቀት መድኃኒቱ ውስጥ ነክሬ፣ በቀዩ አምፖል ሥር የሰው ፊት ብቅ ሲል ልቤ ዝላይ ትዘላለች።

በቀደም እማዬ ላንቺ የሚላክ ፎቶ ልትነሳ መጣች። አለቃዬ መብራቱን ከጎን አድርገው አነሷትና፣ "አጣቢዋ አንቺ ነሽ፤ እናትሽን እንዳታጠቁሪያት" ብለው ቀለዱ። መጀመሪያ ጥቁሩንና ነጩን በሚያቀራርበው፣ ለስላሳ በምንለው ወረቀት አወጣኋት። ግራጫው ከግራጫው ተስማምቶ፣ የፊቷ መጨማደድ ሁሉ ጠፍቶ፣ አማረባት። ከዚያ የኮንትራስት፣ የጥቁርና የነጩ ልዩነት ነገር እንዲገባኝ ብዬ ያንኑ ኔጋቲቭ በጠንካራው ወረቀት ሞከርኩት። እሱ መሃል ሰፋሪነት አያውቅም፤ ነጩን ያነጣል፣ ጥቁሩን ያጠቁራል።

እታለም፣ ከመንጋጋዋ ሥር፣ አንገቷ ላይ፣ ክብ ጥላ ወጣ።

የጣቴ አሻራ መሰለኝ። በሌላ ወረቀት ደገምኩት፤ ያው ነው። አለቃዬን ጠራኋቸው።

"ጠንካራ ወረቀት ለሰው ፊት አይሆንም አላልኩሽም?" እያሉ መጡና ወረቀቱን አንስተው ወደ አምፖሉ አስጠጉት።

"መብራቱ ነው አይደል?"

"መብራቱ ቢሆንማ ደስ ባለኝ፣ ልጄ።"

ቤት ገብቼ እማዬን አቀፍኳትና እንደ ቀልድ አንገቷን ዳበስኩት። ድርቅ ያለ እብጠት ነው፤ ሲነኩት አይነቃነቅም። እጄን መንጭቃ አነሳችው።

"ምን ያስደባብስሻል? ብርድ ነው። ለእህትሽ ትንፍሽ ብትዪ፣ ዋ! ፈተና ላይ ናት።"

ፎቶውንም ሳሳያት፣ "ይሄ ሰውዬ አስረጅቶኛል፤ ቆንጆዋን ላኪላት" አለች። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት መልሷ "ነገ" ነው። በሙቀት ሻርፕ የምትጠመጥመው፣ እህል በውሃ የምታወርደው፣ ለካ... አልጨርሰውም።

በስልክ ልነግርሽ ብዬ ቁጥርሽን ግማሽ ላይ አድርሼ ዘጋሁት። እማዬ አንቺን እምቢ አትልም። ደብዳቤው እንደደረሰሽ ደውዪና እዘዣት። ልመናውን እኔ ሞክሬዋለሁ።

ጠንካራውን ፎቶ ተደብቄ ልከትልሽ ነበር። ፖስታውን ልለጥፍ ስል እማዬ ደረሰችብኝ፤ ደብዳቤውን መልሼ አውጥቼ ይቺን የምጨምረው ለዚያ ነው። ልትቀማኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ሻርፗን ጠበቅ አድርጋ፣ "ሁለቱንም ላኪላት" አለችኝ።

እታለም፣ ብትቀማኝ፣ አሁንም "ብርድ ነው" ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ያለሽበት ሰላም ይሁንልሽ፤ ፈተናውን ያቅልልሽ፤ ክፉ አይንካሽ።

ታናሽሽ፣
ቀዥቃዣዋ