ዘጠና ሦስት በማለቱ ስለተፈረደበት የሥጋ ቴርሞሜትር

ለክቡር አቶ አንዳርጋቸው
የሰፈራችን የጊዮርጊስ ጽዋ ማኅበር ሙሴና ሰብሳቢ፣ የቀድሞ የፊዚክስ መምህር
ጎንደር

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ፣ ባለቤትዎ ወይዘሮ እቴነሽ፣ አዲሱ የኤሌክትሪክ ምድጃዎም ሳይቀር እንደምን ከርማችኋል? እኔ በሰማዕቱ ጸሎት ደኅና ነኝ። የሆድዎን ጤና ለይቼ በጠየቅሁ ነበር፤ ዳሩ ግን ሚያዝያ ሃያ ሦስት በቤትዎ ከቀረበልን ዶሮ እርስዎ ከላይ ያረረውን ቆዳ መርጠው ስለ በሉ ምንም እንዳልነካዎ አውቃለሁ። ይህን ደብዳቤ በማኅበሩ የቴሌግራም ቡድን ላይ ማውጣቴንም አይቀየሙኝ። ፍርድዎን በሰው ሁሉ ፊት ሰጥተው ሳለ ምስጋናዬን በጓዳ ማቅረብ ነውር መስሎ ስለ ታየኝ ነው።

ላልነበሩት ወንድሞችና እኅቶች ነገሩን ላስታውስ። የዕለቱ ድግስ በእርስዎ ቤት ነበር፤ ሙሉ ሙሉ ዶሮዎች ከምድጃዎ ቀልተው፣ አምረው ወጡ። አንዱ ሲገነጠል ግን ከጭኑ አጥንት ሥር ደም አየሁ። ያን ሰሞን ዲጂታል የሥጋ ቴርሞሜትር ገዝቼ ለጓደኞቼ ላሳይ በቦርሳዬ ይዤው ስለ ነበር፣ ሹል ጫፉን ከሌላው ዶሮ ጭን ወፍራም ቦታ፣ አጥንቱን ሳላስነካ፣ አስገባሁት። ሃምሳ ስምንት ዲግሪ አለ። የዶሮ ሥጋ ውስጡ ሰባ አራት ሳይደርስ ለሰው አይሰጥምና፣ ለጥቂት ጊዜ ወደ ምድጃው ቢመለስ ብዬ እጅ ነሥቼ ለመንሁ።

እርስዎ ግን ማንቆርቆሪያ አስጥደው፣ ቴርሞሜትሬን ከሚንተከተከው ውሃ ነከሩት። ዘጠና ሦስት ላይ ቆመ። «ውሃ የሚፈላው በመቶ ነው፤ ዕቃው ውሸታም ነው፤ ባለቤቱም እንደ ዕቃዋ ናት» ብለው ፈረዱ። ሰው ሳቀ፤ ዶሮውም ተበላ። ስለዚህ ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ውሃን በሚመለከት። ውሃ በመቶ የሚፈላው በባሕር ጠረፍ ሲሆን፣ ጎንደር በባሕር ጠረፍ እንዳልተቆረቆረች ክቡርነትዎ ሳይሰሙ አልቀሩም። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ውሃም መቶ ሳይደርስ ይፈላል፤ እዚህ ዘጠና ሦስት ግድም፣ ኮሶዬ ቢወጡ ከዚያ ያነሰ፣ ዛሪማ ቢወርዱ ከፍ ያለ ነው። የደጋ ሴት ሁሉ ባቄላዋ አልበስል ሲላት ይህን በማገዶዋ ታውቀዋለች። እኔ ግን ያወቅሁት በሌላ መንገድ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። በፈተናም ጠይቀውኝ መልሻለሁ፤ ለዚህም እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። ዕቃውን ስገዛ መልኩን ትቼ ጫፉ የቀጠነውን፣ ቁጥሩን ቶሎ የሚናገረውን መረጥሁ፤ በሚቀልጥ በረዶ ውስጥም ፈትኜው ዜሮ ብሏል። ጥፋቱ እውነት መናገሩ ብቻ ነበር።

«እኛ ቁርጥ የምንበላ ሰዎች ሙቀት መለኪያ ምን ያደርግልናል» ማለትዎንም ሰምቻለሁ። ቁርጥ ጥሬነቱን ሳይደብቅ ይቀርባል፤ ወዶ የሚበላ ይበላዋል። የእርስዎ ዶሮ ግን የበሰለ መስሎ ነው ከገበታችን የቀረበው።

ሁለተኛ፤ አያ ዕንባቆምን በሚመለከት። እኒህ ሽማግሌ ከእናቴ ከውቢት ጋር ይህን ማኅበር የጠነሰሱ ሰው ናቸው። ጥርስ ስለሌላቸው ለስላሳ ነው ተብሎ ከአጥንቱ ሥር ያለው ሥጋ ተመርጦ ተሰጣቸው። በማግሥቱ እኔና የማኅበራችን አባል ሀብተሥላሴ በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናቸው፤ ግሉኮስ ተሰክቶላቸው፣ ከንፈራቸው ደርቆ፣ «ምነው ልጄ፣ ዕቃሽ ነግሮን አልነበረም ወይ?» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ ያን ጊዜ ተናደድሁ፤ ዛሬም እንደ ተናደድሁ ነኝ፤ ይብረድልኝ ብዬም አልጸልይም። እርስዎ ሊጠይቋቸው አለመምጣትዎን በሥራ ብዛት እተረጉመዋለሁ፤ ጡረታ እንደሚያደክም ሰምቻለሁ።

ሦስተኛ፤ ተራዬን በሚመለከት። የታመሙት ሲበዙ፣ በሽታው የመጣው እኔ ዶሮውን በብረት ስለ ወጋሁት ነው ብለው ለማኅበሩ አስረዱ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ከዚያም በግንቦት ወደ ቤቴ መምጣት የነበረበትን ጽዋ «እሷ ዘንድ ማን ደፍሮ ይበላል» ብለው ለሀብተሥላሴ አሳለፉት። ያ ተራ ከእናቴ የወረስሁት ነው። ጠላዬን ጠምቄ፣ ቤቴን ጎዝጉዤ፣ ደጄን ከፍቼ ስጠብቅ ዋልሁ፤ ማንም አልመጣም። ይህን በሕይወት እያለሁ አልረሳልዎም።

ስለዚህ ትንሽ ነገር እለምናለሁ። በሚቀጥለው ሃያ ሦስት በአያ ዕንባቆም ፊት ቆመው «ዕቃው እውነተኛ፣ እኔ ውሸታም ነበርሁ» ይበሉ፤ ጽዋውንም በእጅዎ ያስረክቡኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና ብዙ አያስቸግርዎትም። በድግሴ ቀንም የክብር ወንበር ይዘጋጅልዎታል፤ ከምድጃው አጠገብ፣ ቁጥሩ በደንብ ከሚታይበት።

እንደ ሀገሯ ውሃ በዘጠና ሦስት የምትፈላው፣ ባስተማሯት ትምህርት የምትከስዎ፣ እጅ ነሺ የቀድሞ ተማሪዎ፣
ሕሊና ወልደ ዮሐንስ

ተጨማሪ ማስታወሻ፤ ለእንቁጣጣሽ «እኔ ምድጃዬን በዓይኔ ነው የማውቀው» እያሉ በእንግዶች ያስመሰገኑት ዶሮ ውስጡ ሰባ ስድስት ነበር። ወይዘሮ እቴነሽ በሰኔ አብረን ገበያ ወጥተን፣ እኔ ከገዛሁበት ሱቅ የራሳቸውን ቴርሞሜትር ገዝተዋል፤ በበርበሬው ዕቃ ውስጥ ደብቀው ያኖሩታል፤ ከዚያ ወዲህ በቤትዎ ሳይለካ የቀረበ ሥጋ የለም። እንድጽፈው የፈቀዱልኝም እሳቸው ናቸው። ጽዋው ወደ ቤቴ እስኪመጣ ድረስ የልጆቹን እየለኩ፣ የእርስዎን ድርሻ ግን ለዓይንዎ እንደሚተዉልዎ አብሬ እንዳስታውቅ አደራ ብለውኛል። ይስማማዎ።