የአባ ጌጅ ሕይወት እና በጨው ጠርሙሱ ላይ ያሰመሩት መስመር

በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ አባ ጌጅ በመባል የሚታወቁት አጎታችን፣ ከቧንቧ ሠራተኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1951 ዓ.ም. ከውሃ ማጠራቀሚያው በታች ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ታላቅ እህታቸው እንደሚናገሩት፣ ገና ዳዴ ሲሉ ጆሮአቸውን ቧንቧ ላይ ለጥፈው ያዳምጡ ነበር።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በ1972 ዓ.ም. በፓምፕ ቤት ተቀጠሩ። ሥራቸው የግፊት መለኪያውን፣ ማለትም ጌጁን እያዩ ሞተሩን ከፍና ዝቅ ማድረግ ነበር። ሰው ሰላም ሲሉ እንኳ ዓይናቸው ከመርፌው አይነቀልም ነበር፤ ቅጽል ስማቸውም የወጣው ከዚሁ ነው።

በ1979 ዓ.ም. አንድ ስሕተት ሠሩ። ሳይደበቅ ይጻፍልኝ ስላሉ ተጽፏል። የላይኛው ሰፈር ጌጅ ወርዶ ቢያዩ ሞተሩን ጨመሩ። መርፌው አልነሣ አለ፤ አሁንም ጨመሩ። በታችኛው ሰፈር አሥራ አንድ ቧንቧ ፈነዳ፤ የዳቦ ቤቱ ዱቄት ሁሉ ሊጥ ሆነ። ኋላ ሲቆፈር፣ ውሃው ወደ ጌጁ የሚመጣበት ቧንቧ በዝገት ተደፍኖ ተገኘ። ጌጁ አልዋሸም፤ እርሳቸውም አልተኙም። ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ግራ የገባቸው አለቆች ማስጠንቀቂያ ጽፈው ለቀቋቸው።

ያን ቀን ሊቆጧቸው ፓምፕ ቤት ድረስ የመጡትን ዳቦ ሻጭ በ1981 ዓ.ም. አገቡ፤ ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ።

በ2009 ዓ.ም. ደም ግፊት ተገኘባቸው። ባለቤታቸው ጨው ቀነሱ፤ ግፊቱ ጨመረ። ጭራሽ ተዉት፤ ግፊቱ አሁንም ጨመረ። ታላቅ እህታቸው፣ “የዳቦ ቤት እጅ ጨው ለምዷል፤ ወንድሜን እንደ ቋንጣ ልታደርቀው ነው” ማለት ጀመሩ። ወሬውም ዛሬ እዚህ ከቆምነው ከብዙዎቻችን ጆሮ ደርሷል። አጎታችንም፣ ሰው ናቸውና፣ ተጠራጠሩ። በጨው ጠርሙሱ ላይ በፓምፕ ቤት ቀይ ቀለም መስመር አሰመሩ። ጨው ከመስመሩ አልወረደም። ክንዳቸው ሲለካ ግን ግፊቱ ወጥቶ ይገኛል። ጠርሙሱን ይመኑ ወይስ ክንዳቸውን፣ ግራ ገባቸው።

ባለቤታቸው መስመሩን አዩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ “አንተ ሰውዬ፣ እኔንም ጌጅ አደረግኸኝ?” አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ምግባቸውን አቅርበው ወደ ጓዳ ይመለሱ ጀመር።

በ2013 ዓ.ም. አንዲት ሐኪም ወደ ኩላሊታቸው የሚገባው የደም ሥር መጥበቡን በፎቶ አሳየቻቸው። እንዳስረዳቻቸው፣ በኩላሊት ውስጥ ባሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ግፊት የሚለኩ ሴሎች አሉ። ግፊቱ ሲወርድባቸው ሬኒን የሚባል ሆርሞን ይለቃሉ። እርሱ የሚቀሰቅሳቸው ሌሎች ሆርሞኖች የደም ሥሮችን ያጠብባሉ፤ ጨውና ውሃም በሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ፤ ግፊቱ ይነሣል። ሲበቃቸው መልቀቁን ይቀንሳሉ። የአጎታችን ሴሎች ግን ከጠበበው ሥር ወዲያ ማዶ ነበሩና የሚደርሳቸው ግፊት ጥቂት ነው። ሌላው ሰውነት ሊፈነዳ ደርሶ ሳለ፣ እነርሱ ጨምሩ ጨምሩ ይላሉ።

አጎታችን ሳቁ። “ዶክተር፣ ይህን እኮ እኔ በሰባ ዘጠኝ ሠርቼዋለሁ!” አሉ።

ቤት ሲገቡ እህታቸውን አስጠርተው፣ ሚስታቸውም ባሉበት፣ “እትዬ፣ ጥፋቱ የእርሷ አይደለም፤ ጌጁ ያለው ከድፍኑ ወዲያ ነው” አሉ።

“ምን ትላለህ? አልገባኝም” አሉ እህታቸው።

“እኔም በቅጡ አልገባኝም። እርሷ የለችበትም፤ ይሄ ግን ገብቶኛል።”

መስመሩን በጥፍራቸው ፍቀው አጠፉ። የዚያን ቀን ባለቤታቸው ከጓዳ ወጥተው አብረዋቸው በሉ።

በአዲሱ መድኃኒት ግፊቱ ወረደ። ልባቸው ግን ለዓመታት ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ኖሮ ደክሞ ነበር። የካቲት 9 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውና ታላቅ እህታቸው ከእኛ ጋር አሉ።

ሟቹ አደራ ያሉት አንድ ነገር ነው፤ ከዚህ ስንመለስ ማንም በባለቤታቸው ላይ ስለ ጨው እንዳያነሣ። ነገሩ ያልገባውም ቢሆን እንዳያነሣ።

የሁሉን ልክ ከምንጩ የሚያይ አምላክ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸውም መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።